አልቃሿ ያልጠራችው ሙያሽ

እታለም፣ የዛሬን እመኚኝ፣ በእማማ አፈር ይዤሻለሁ እመኚኝ። ለፋሲካ አባባ ታሟል ድረሽ ብዬ ከዩኒቨርሲቲ ያስመጣሁሽ ጊዜ ዋሽቼሻለሁ፣ ናፍቀሽኝ ነው፣ ፈተናም አመለጠሽ፣ ከዚያ ወዲህ ስደውልልሽ መጀመሪያ ትስቂና በይ አሁን እውነቱን ንገሪኝ ትይኝ ነበር። የዛሬው ግን እውነት ነው። ፈርቻለሁ። ጽሕፈቴንም ቻይው፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረሁ ነኝ።

ሞጣ ላይ ሥራ በጀመርሽ በሁለት ወርሽ ታመሽ፣ ወደ ቢቸና አምጥተን ከቀበርንሽ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። አልጋሽ ላይ አሁን ብርቱካን ትተኛለች። ትንሿ እህታችን እኮ አደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አንደኛ ዓመቷን ጨረሰች።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ለቅሶሽ ላይ አልቃሿ ጠጋ ብላ ሙያዋ ምን ነበር አለችኝ። ስንቴ ነግረሽኛል፣ አፈሩንም ውሃውንም ሰዉንም ገበያውንም አንድ ላይ ነው የምንማረው ብለሽ፣ ግን በአንድ ቃል ምን ልበላት? ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ ጨነቀኝ፣ ዶክተር ናት አልኳት። እሷም ዶክተሯ ዶክተሯ እያለች አስለቀሰችልሽ፣ አገሩ ሁሉ ደረቱን መታ። እኔ ብቻ አፈርኩ። በሰው ሙያ አስለቀስኩልሽ እታለም።

አባባ ትምህርትሽ ምን እንደሆነ ገብቶት አያውቅም፣ ያንን ቃል ያዘ። አሁን ብርቱካን የምትማረውን የምትመርጥበት ጊዜ ዛሬ ማታ ያልቃል፣ በስልክ ነው የሚሞላው። እሷ ደብተሮችሽን አገላብጣ ያንቺን ካልተማርኩ አለች። አባባ ደግሞ ስም የሌለውን ትምህርት ማን ይቀጥረዋል፣ እንደ እህትሽ ዶክተር ሁኚ ብሎ ተቆጣ። እሷ አለቀሰች። እኔ ሽንኩርቴን መላጤን ቀጠልኩ።

ሥራ ስትፈልጊ ዘጠኝ ወር መንከራተትሽን አልረሳሁም፣ በየማስታወቂያው ያንቺ እዚህ የለም እያሉ ሲመልሱሽ። ግን ከቤታችን በታች ያለውን ቦረቦር ስትለኪም ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ለካሽ፣ ከዚያ ማሳቸውን ጎርፍ የበላባቸውን ሴቶች ቁጭ ብለሽ ጠየቅሽ፣ ከዚያ የትኛው ሣር ቢተከል አፈሩን ይዞ ገበያም እንደሚወጣ አሰብሽ፣ ሁሉንም አንቺው። ሞጣ አብራሽ የተከራየችው አሚናት ትናንት ደውላ ነበር፣ የሥራ ቦታሽ እስካሁን ሰው አልተገኘለትም አለችኝ። ይኼንን ለአባባ ማን ይንገረው? እኔ ነኝ ያለሁት። ግን ዶክተር አልነበረችም ስለው ልጄን ሁለቴ ቀበርሽብኝ ቢለኝስ?

ገበያ ወጥቷል፣ ሳይጨልም ይመለሳል። እነግረዋለሁ፣ ብርቱካንን አጠገቤ አስቀምጬ እነግረዋለሁ። ከእንግዲህ ስምሽን ባነሳሁ ቁጥር በራስሽ ሙያ ነው የማነሳሽ፣ ቢረዝምም አፌን ቢያስረኝም፣ አፈሩንም ሰዉንም ገበያውንም ብዬ።

ብቻ ድምፅሽን ቀድሜ ብሰማው። ድሮ ሚስኮል ሳደርግልሽ ወዲያው መልሰሽ ትደውዪ ነበር። አሁንም አድርጌልሻለሁ፣ አገልግሎት አይሰጥም ትለኛለች ሴትዮዋ። ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌዋለሁ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው እታለም፣ ሳይመሽ መልሰሽ ደውዪልኝ።