ከደሞዜ የተቆረጠው

ውድ ጋሽ በዕውቀቱ፣

ስልክዎ ከተዘጋ አራተኛ ሳምንቱ ነው። አዳማ ልጅዎ ቤት እንዳሉ የነገረኝ ሒሳብ ሹምዎ ኃይለመለኮት ነው፤ ይህን ደብዳቤም እሱ በእጅዎ ያደርስልኛል። ጤናዎን እመኛለሁ። ንዴቴን ግን አልደብቅዎትም።

የዛሬ አሥር ዓመት አብነት ሰፈር ቤታችን ድረስ የመጡበትን ቀን ያስታውሳሉ? የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የምንሞላበት ሳምንት ነበር። አባቴ ሁመድ እንደ ልማዱ በረንዳው ላይ ፍራሽ ይሰፋል፤ ጢሙ ሳይቀር ጥጥ ይዟል። እሱ ፋርማሲ እንድማር ነበር የሚፈልገው፤ መድኃኒት ሻጭ ሥራ ፈትቶ አይቶ አያውቅማ። እርስዎ ግን ተሰፍቶ ያላለቀው ፍራሽ ላይ ቁጭ ብለው፣ «አቶ ሁመድ፣ እንዲህ ያለ ጭንቅላት በሃያ ዓመት አንዴ ነው የገጠመኝ። ሂሳብ ትማር። ሂሳብ የተማረ ሰው የትም አይወድቅም፤ ማንም አያታልለውም» አሉት።

አባቴ መርፌውን ጥጡ ላይ ሰካና «አስተማሪዋ ካሉ እኔ ምን አውቃለሁ» አለ።

ሄድኩ። ሦስት ዓመት ተማርኩ። መንግሥት ያበላኝንና ያሳደረኝን፣ ከትምህርቱም ድርሻዬን፣ ሥራ ስይዝ ልከፍል ፈረምኩ፤ ሁላችንም ኮስት ሼሪንግ የምንለውን። ስመረቅ ዕዳዬ ሠላሳ ሺህ አንድ መቶ ሃያ ብር ነበር። የሰፈር ሰው «ሂሳብ ነው የተማርሽው? ካሸር ልትሆኚ ነው?» ሲለኝ እስቃለሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ትምህርቱን ወድጄው ነበር። አንድ የሂሳብ ማረጋገጫ ሦስት ቀን አታግሎኝ በአራተኛው ቀን ሲገባኝ፣ የምነግረው ሰው አጥቼ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሬዋለሁ። ያኔ ልደውልልዎ አስቤ ካርድ አልነበረኝም።

ከተመረቅኩ በኋላ ያየሁት የሥራ ማስታወቂያ ሁሉ አካውንቲንግና ማኔጅመንት ነበር የሚለው። ሁለት ወር ተንከራተትኩ። እርስዎ ሰንጋ ተራ የራስዎን ትምህርት ቤት ከፍተው ስለነበር «ነይ፣ ልጄ» አሉኝ። ደሞዝ አራት ሺህ ስምንት መቶ። «ከዚህ ላይ አሥር በመቶ ለኮስት ሼሪንግ እየቆረጥን እናስገባልሻለን፤ አንቺ አትጨነቂ» አሉኝ። አልተጨነቅኩም።

ሁለት ዓመት በየወሩ አራት መቶ ሰማንያ ብር ቆረጡ። ደሞዜ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ሲገባ ስድስት መቶ ሃያ ቆረጡ፤ ይህ ደግሞ ሠላሳ ወር ነው። በአሥረኛ ክፍል የወጣው የአጎቴ ልጅ ሙስአብ አልሙኒየም እየሠራ ከእኔ ሁለት እጥፍ ሲያገኝ፣ የአክስቶቼ ዓይን እኔ ላይ ሲቆም፣ ቢያንስ ዕዳዬ እየቀለለ ነው ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። በየካቲት 2015 የመጨረሻው ተቆረጠ። መምህራን ክፍል ገብተው እጄን ጨበጡኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ከዕዳ ነፃ ወጣሽ!» ብለው ለሁላችንም ሻይ ጋበዙ። ያንን ሻይ ጠጥቼዋለሁ፣ ጋሽ በዕውቀቱ። አመስግኜዎታለሁም።

ባለፈው ግንቦት አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ፈተና ሰጠ። ስልሳ ሁለት ሰው ተፈተንን፣ አንደኛ ወጣሁ። የአደጋንና የካሳን መጠን በቁጥር የመገመት ሥራ ነው፤ ለካ ሂሳብ የተማረ ሰው የሚፈልግ መሥሪያ ቤትም አለ። ደሞዙ ሃያ አራት ሺህ። የሰው ኃይሏ ሃኒ «ዋናውን ዲግሪ በአሥር ቀን ውስጥ አምጪ» አለችኝ። ዋናው ዲግሪ ደግሞ የሚሰጠው ዕዳው መከፈሉ ሲረጋገጥ ነው። ማረጋገጫዬን ልወስድ ወደ ገቢዎች ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ስሜን ሁለት ጊዜ ጻፈች።

«መይሙና ሁመድ... በስምሽ የገባ ገንዘብ የለም።»

«ስንት ነው የጎደለው?» አልኳት።

«እህቴ፣ ጎደለ አላልኩም። ምንም የለም።»

ከዚያ ወጥቼ እስከ ሰንጋ ተራ በእግሬ መጣሁ። ታክሲ ብገባ ሰው ፊት የማለቅስ መስሎኝ ነበር። ቢሮዎ ስገባ ፊቴን አይተው ገባዎት መሰለኝ፣ መጀመሪያ በሩን ዘጉ። ከዚያ የኮሮናን ጊዜ አነሱ። ወላጅ ክፍያ ሲያቆም፣ ያከራየዎት ሰው ሲያስጨንቅዎ፣ «ደሞዛችሁን ከየት አምጥቼ የከፈልኳችሁ ይመስልሻል?» አሉኝ።

ከኛው ኪስ አውጥተው ለኛው ከፍለው፣ እኛ ደግሞ አንድ ቀን ሳያሳድሩ ከፈሉን ብለን መረቅንዎ! ይሁን፣ ችግር ነበር እንበል። ኮሮና የመጣው በመጋቢት 2012 ነው። ከዚያ በፊት የቆረጡት የአሥራ ስምንት ወሩስ? ይህን ስጠይቅዎ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ማስተካከል ጀመሩ። «አንቺ እኮ ልጄ ነሽ» አሉኝ። «ሰኞ ነይ፣ እንጨርሰዋለን።» ሰኞ ስመጣ ዘበኛው «ጋሼ አገር ውስጥ የሉም» አለኝ።

በራሴም ተናድጃለሁ። የደሞዝ ወረቀቱ ላይ ሃምሳ አራት ጊዜ ፈርሜ፣ አንድ ቀን ሄጄ ገባ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ተማሪዎቼን «መልስህን መልሰህ ፈትሽ» እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ። እርስዎን ግን መፈተሽ ነውር መሰለኝ።

የዚያኑ ዕለት መምህራን ክፍል ገብቼ የሆነውን ተናገርኩ። ጠጅቱ የያዘችውን ጠመኔ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ለማስተርስ አመልክታ ተቀብለዋት ነበር፤ እሷም ዲግሪዋን ልታወጣ ነበር። የፊዚክሱ ነገሪ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ተቋረጠበት። «እኔ የማውቀው፣ ነገር እንዲሁ እንደማይጠፋ ነው» አለ። «የሆነ ቦታ አለ።» በሳምንቱ መጨረሻ አሥራ አራታችንም ገቢዎች ደርሰን ተመለስን። የአንዳችንም አልገባም። የደሞዝ ወረቀቶቻችንን ሰብስቤ ማስላት የጀመርኩት ያኔ ነው።

ይህን ሲሰሙ ኃይለመለኮትን ላኩብኝ። ልደታ ማርያም አጠገብ ያለችው ሻይ ቤት ተገናኘን። ሃኒ ለምኛት የጨመረችልኝ አንድ ሳምንት ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ኃይለመለኮት ፖስታ አወጣ። ሠላሳ ሺህ አንድ መቶ ሃያ ብር፣ አንድ ብር አልጎደለም። ከዚያ ሌላ ወረቀት አወጣ። ከትምህርት ቤቱ ምንም የምጠይቀው እንደሌለኝ፣ የሌሎቹንም የደሞዝ ወረቀት እንደምመልስ የሚል።

«ፈርሚና ውሰጂ ብለዋል» አለኝ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ላልዋሽዎት፤ እስክሪብቶውን አነሳሁ። ሃያ አራት ሺህ ብር ታየኝ። አባቴ ወገቡን ይዞ ሲነሳ ታየኝ፤ በዚያ ደሞዝ መስፋት ያቆማል። ስሜ ከሚጻፍበት መስመር ላይ ጫፉን አሳርፌ ቆየሁ። ያስቆመኝ ቁጣ አይደለም፤ ጠጅቱ ናት። ነገ ጠዋት መምህራን ክፍል ገብቼ ከጎኗ ስቀመጥ ምን እላታለሁ?

«የራሴን ገንዘብ ለመውሰድ ሌላ ሰው መሸጥ አለብኝ?» አልኩት።

 ኃይለመለኮት ወረቀቱን ከእጄ ሥር ስቦ አጥፎ ኪሱ ከተተው። «አልፈረመችም ብዬ እነግራቸዋለሁ» አለ። «ገንዘቡን ግን መልሼ አልወስድም። ያ ሁሉ ገንዘብ ሲቆረጥ በእጄ ጽፌዋለሁ፤ እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ።» የከፈለኝ ከ2011 እስከ 2015 ተቆርጦ ያልገባ ኮስት ሼሪንግ መሆኑን በራሱ እጅ ጽፎ ፈረመልኝ። አንዱን ቅጂ እኔ ይዣለሁ። በእሱ ላይ አይጨክኑ፤ ከእርስዎ ቀድሞ ሰው ሆኗል።

ዕዳዬን ከፈልኩ፣ ዲግሪዬን በመጨረሻው ቀን ለሃኒ አስረከብኩ። ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። ዲግሪውን ለአባቴ ሳሳየው በሁለት እጁ ይዞ አየውና «እንግዲህ ስትደምሪው ከስረሽ ነው አትርፈሽ?» አለኝ።

ለሰባት ዓመት ግድም ሙስአብ በልጦኛል፤ ያ ግልጽ ነው። ግን «ትምህርቱ አላከሰረኝም፣ አባባ» አልኩት። «ያከሰረኝ ያመንኩት ሰው ነው።»  አባቴ ስምዎን ቤታችን ውስጥ በክፉ አንስቶ አያውቅም፤ ዛሬም አላነሳም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው! ከሰፊ ቤት ተነስተው ሰው የሚያታልሉ ሞልተዋል፤ እርስዎ ግን ፍራሻችን ላይ ተቀምጠው፣ አባቴን በስሙ ጠርተው፣ ልጅዎን ይስጡኝ ያሉ ሰው ነዎት።

አሥራ ሦስቱ ክስ መሥርተዋል። እኔ ምስክር ነኝ። የተቆረጠባቸውን በየወሩ፣ በየስሙ አስልቼ ለፍርድ ቤት የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ድምሩ ሦስት መቶ ሰማንያ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ ብር ነው። መጥሪያው ይደርስዎታል፤ ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው ቀድሜ የጻፍኩት። ጠበቃ ብቻ አይላኩ። ይምጡና ጠጅቱን በዓይንዎ ይዩአት። ስሌቴ ውስጥም ስሕተት ካገኙ እንደ ድሮው ተነስተው ያርሙኝ፤ እዚያው፣ እነሱ ፊት።

ተማሪዎ የነበርኩት፣
መይሙና ሁመድ
ልደታ፣ ሐምሌ 2017