ዘይት የጠጣች ጀልባ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8። አዋሽ

መንገዱን ውሃ በልቶታል። መሲ ከማዶ ቀርታለች።

ጠዋት ከኪዳን ስመለስ ደወለች። መስመሩ እየተቆራረጠ፣ "አባዬ፣ ደህና ነኝ። ሰምተሃል? ደህና ነኝ" አለችኝ። ልጄ ደህና ነኝን ከደገመች ደህና አይደለችም። አፋምቦ ወረዳ ውስጥ፣ ከሐይቁ ማዶ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ሆና ስትሠራ ይኼ ሁለተኛ ክረምቷ ነው። አሁን ወንዙ ሞልቶ ሐይቁን አስፍቶታል። መኪና ይሄድበት የነበረው ሁሉ ውሃ ሆኗል።

አንዲት ነፍሰ ጡር እጇ ላይ አለች። ሕፃኑ ሆዷ ውስጥ አግድም ተኝቷል። ምጥ ሳይጀምራት ሆስፒታል ደርሳ በቀዶ ጥገና መውለድ አለባት። "ምጡ ከቀደመን እዚህ የማደርግላት ነገር የለም፣ አባዬ" አለች። ከዚያ ጠፋች።

ከሰዓት ሌላ ስልክ መጣ። ቢኒያም ይባላል፤ ሰመራ ያለ መሐንዲስ ነው። የሐይቁን ጀልባ የሚያስተዳድረው የእሱ መሥሪያ ቤት ነው። ባለፈው ሳምንት ጀልባዋ ውሃ ውስጥ የተደበቀ ግንድ መትታ ተሳፋሪዎቹ ውሃ ገብተው ነበር። ተመስገን፣ ሁሉም ወጡ። ከኋላዋ በውጭ በኩል ታስሮ የነበረውን የጥልቀት መለኪያ ግን ግንዱ ነቅሎት ሄዷል። ያለ መለኪያ እንዳትንቀሳቀስ ታግዳለች።

"አንድ መለዋወጫ አለን። አሁን በውጭ ሳይሆን ከውስጥ፣ ከወለሏ ላይ ልንለጥፈው ነው። ፋይበር የሚያውቅ ሰው ስንፈልግ እርስዎን ጠቆሙን።"

"ማን ጠቆመኝ?"

"መሠረት ናት። ልጅዎ አይደለችም እንዴ?"

ለእነሱ እኔን ጠቁማ፣ ለእኔ ደግሞ ደህና ነኝ ትለኛለች።

የአንድ ጭነት መኪና የፋይበር መከላከያ ስለጥፍ ነበር። ለባለቤቱ ይቅርታ ብዬ ተውኩት። ያሰርኩት ዕቃ፦ ሙጫ ከነማድረቂያው፣ ሸካራ ወረቀት፣ መሮ፣ መጋዝ፣ ጋቢ፣ ዳዊቴ፣ ሽሮ፣ አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት። ፍልሰታ ነው፤ በመንገድ የፆም ምግብ መለመን አልወድም።

ጸሎቴ ዛሬ አጭር ነበር። ልጄን፣ ልጄን ብቻ።


ዓርብ፣ ነሐሴ 9። ሰመራ

ገና ሳይነጋ ተነሣሁ። ሚሌ ላይ የከባድ መኪና ሰልፍ አቆመን። ሾፌሩ ወርዶ ሻይ ጠጣ፣ እኔ በመስኮት ውጭውን ሳይ ቆየሁ። ባለቤቴ አስካለ ብትኖር "ወርቁ፣ ስለተቁነጠነጥክ መኪናው አይፈጥንም" ትለኝ ነበር።

ሰመራ ስደርስ ሙቀቱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። ጀልባዋ ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማለች። ወለሏን ብነካው እጄን አቃጠለኝ። ጥሩ ፋይበር ናት፤ ወፍራም፣ ውስጧ እንጨት የለውም።

ቢኒያም መለኪያውን አሳየኝ። ከሳሙና አይበልጥም፤ ጥቁር፣ ጅራቱ ሽቦ ነው። ወደ ታች ድምፅ ይልካል። ድምፁ የሐይቁን መሬት ነክቶ ሲመለስ ጥልቀቱ ከነጂው ፊት ባለው መስታወት ላይ ይጻፋል። ግንድም ካለ ያሳያል። ድምፁ በፋይበር ውስጥ ያልፋል፤ ስለዚህ ጀልባዋን መብሳት አያስፈልግም፤ ከውስጥ አጥብቆ መለጠፍ ብቻ ነው።

"ጋሽ ወርቁ፣ ነገ ጎህ ሲቀድ ብንለጥፈውስ? መመሪያው በዚህ ሙቀት አትለጥፉ ይላል።"

"ልጄ፣ እኔ ፋይበር መለጠፍ ስጀምር አንተ ጡት አልጣልክም" አልኩት።

ሳቅ ብሎ ተወኝ። ጨዋ ልጅ ነው።

ወለሉን ፈግፍጌ ሙጫውን በጠበጥኩ። ጣሳው በእጄ ላይ ጋለ፣ ሙጫው መወፈር ጀመረ። አዋሽም ይሞቃል፤ ግን እዚያ በጠዋት እንጂ በቀትር ለጥፌ አላውቅም። ይህን አውቃለሁ። እያወቅኩ መለኪያውን ከላይ ተጭኜ ያዝኩት። ወዲያው እንደ ድንጋይ ደረቀ።

ቢኒያም "አለቀ?" ሲለኝ "አለቀ" አልኩ። ነገ ወደ ሐይቁ እንጭናታለን። ውሃ ከሌለ አይሞከርም።

መሲ አልደወለችም።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10። አፋምቦ

አይሠራም።

ጀልባዋን ከሐይቁ ወዲህኛው ዳር ከመኪና አውርደን ውሃ ላይ አደረግናት። ነጂው ሁመድ ይባላል። በዚህ ሐይቅ ዳር የተወለደ አፋር ነው፤ ትንሹንም ትልቁንም አንተ ይላል። ቀስ ብሎ አወጣን። መስታወቱ አንድ ቁጥር ጻፈ። ደስ አለኝ፣ አማተብኩ። ራቅ ብለን ሄድን፤ ያው ቁጥር። መሐል ገባን፤ አሁንም ያው። ቢኒያም ረጅም ዘንግ አስገባ። ዘንጉ መሬት ሳይነካ አልቆ እጁ ውሃ ነካ።

"ምናልባት እዚህ ጋ ይሆናል እንጂ..." አልኩ። እንዲያ ብዬ ተናገርኩ። ዘንጉን እያየሁ ቁጥሩን ማመን ፈለግኩ። ቁጥሩ ልክ ከሆነ ልጄ ነገ ትመጣለች ማለት ነዋ።

ሁመድ መስታወቱን አይቶ እኔን አየኝ። "ወላሂ ይቺ ነገር ሐይቁን አይደለም የምትለካው። ያንተን ሆድ ነው የምትለካው። ፆመኛ ነህ፣ የትም ብንወስድህ ያው ባዶ ነው!"

ቢኒያም ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ።

ዳር ስንደርስ አጎንብሼ መለኪያውን በጠርዙ በኩል አየሁት። ሙጫው ውስጥ አረፋ ሞልቷል። የፈላ ሙጫ እንዲህ ነው። ቢኒያምም አየ። ነግሬዎት ነበር አላለም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ለልጄ ነው የቸኮልኩት እላለሁ። እውነት ነው። ግን ለልጄ ብቻ ቢሆን ኖሮ "ጠዋት ይሁን" ያለኝን እሰማ ነበር። ፀሐይዋ ስትወርድ ቁጭ ብዬ ይህን አሰብኩ። ሁመድ የግመል ወተት ይዞ መጣ፤ ፆም ነው አልኩት። "ረስቼው" አለና ራሱ ጠጣው።

እራት ሳልበላ መሲ ደወለች። ሁሉን ነገርኳት።

"አረፋ? እና በአየር ውስጥ እንዴት እንዲያይልህ ነው?" አለችኝ። ደክሟታል፣ ስትደክም ትቆጣለች። "አልትራሳውንድ በደረቅ ሆድ ላይ ብታስቀምጠው እኮ ጥቁር ነው የሚሆነው። ጄል የምንቀባው ለምን ይመስልሃል? በመሐል አየር እንዳይኖር ነው። የእማዬን ረሳኸው?"

አልረሳሁም። አስካለ አልጋው ላይ ተኝታ፣ ሐኪሙ ያን ነገር ሆዷ ላይ ሲያፈስ "ውይ፣ ይቀዘቅዛል!" ብላ ሳቀች። ያን ቀን ጉበቷን ሊያዩ ነበር። ሲጨርሱ በወረቀት የጠረግኩላት እኔ ነኝ። ጣቶቼ ላይ የቀረውን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ለምን እንደሚቀባ ግን ጠይቄ አላውቅም።

"አባዬ።"

"ወይ።"

"ሐሙስ ስነግርህም፣ ዛሬም፣ ሴትዮዋ እንዴት ናት አላልከኝም።"

ልመልስላት አፌን ስከፍት መስመሩ ጠፋ። ወይም ዘጋችው።


እሑድ፣ ነሐሴ 11። አፋምቦ

ሰንበት ነው፤ ቅዳሴ የለም፣ ሥራ አለ። ጎህ ሳይቀድ ዳር ቆሜ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ጸለይኩ። ሁመድ ትንሽ ራቅ ብሎ ይሰግድ ነበር። በሰንበት ጉድጓድ የገባውን በሬ ማውጣት ከተፈቀደ ይህም ይፈቀዳል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ራሴ አምኖኛል መሰለኝ።

መጀመሪያ መለኪያውን መንቀል ነበረብኝ። ሌላ የለም፤ ከተሰበረ ሁሉ ነገር አበቃ። መሮውን ከሥሩ አስገባሁ፣ ፈርቼ አወጣሁት። ጸልዬ እንደገና አስገባሁት። ቀጭ ብሎ ተላቀቀ! አረፋ የበዛበት ሙጫ አቅም የለውም። ያበላሸሁበት ነገር ራሱ ለቀቀልኝ። ምን እንደሚባል አላውቅም።

ለቢኒያም ልጄ ያለችውን ነገርኩት። "ጄል ከየት እናመጣለን?" አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ መመሪያውን ወደ ታች ወደ ታች አወረደና ቆመ። "ጋሽ ወርቁ፣ ሌላ ዘዴ አለ። አጭር ቱቦ ወለሉ ላይ ይለጠፋል፣ ውስጡ ዘይት ይሞላል፣ መለኪያው ዘይቱ ውስጥ ይቀመጣል። ከመለኪያው በታች ሙጫ የለም፤ ድምፁ ከዘይት ወደ ፋይበር፣ ከፋይበር ወደ ውሃ ይሄዳል።"

"ምን ዓይነት ዘይት?"

"ንጹሕ ይሁን እንጂ... የምግብም ይሆናል።"

ሻንጣዬን አየሁት።

ከተጣለ የውሃ ቱቦ አጭር ቆረጥኩ፤ አፉን ከወለሉ ጉብጠት ጋር እስኪገጥም ሞረድኩት። ሙጫውን ከመበጥበጤ በፊት ቢኒያምን "ሰዓቱ ይሁን፣ ልጄ?" ብዬ ጠየቅኩት። ሰማዩን አየ፣ ወለሉን በመዳፉ ነካ። "ቀዝቃዛ ነው። ይሁን" አለ። የዓርቡን ንግግሬን ይቅር በለኝ ልለው ነበር፤ የወጣልኝ "ጣሳዋን ያዝልኝ" ነው። ያዘልኝ። የገባው ይመስለኛል።

ጋቢዬን በውሃ ነክረን በላዩ ጥላ ሠራንለት። ቀኑን ሙሉ እየተፈራረቅን አረጠብነው። ሙጫው በቀስታ፣ እንደሚገባው ደረቀ። አንድ አረፋ የለውም።

ዘይቱን ሳፈስ ሁመድ ከጀርባዬ ቆሞ ነበር። "አሁን ጀልባዋም ክርስቲያን ሆነች? ፆም ያዘች? እኛን ብትጠይቀን ቅቤ እናጠጣት ነበር እኮ!"

"ፆሙ ሲፈታ ታጠጣታለህ" አልኩት። ከሐሙስ ወዲህ የሳቅኩት አሁን ነው።

ወደ ማታ ውሃ ላይ አወጣናት። ቁጥሩ ተለወጠ። ዳር ላይ ትንሽ፣ መሐል ትልቅ። ዘንግ በደረሰበት ሁሉ ዘንጉ ያለውን አለ። አንድ ቦታ ላይ መስታወቱ ጉብታ አሳየ፤ ሁመድ በመቅዘፊያው ወጋው፣ ግንድ ነው። ሁመድ ያን ጊዜ አልቀለደም።

አሁኑኑ ሂዱ ልል ፈለግኩ። ነፋስ ተነሥቷል፣ ሊመሽ ነው። ሁመድ "ዛሬ አይሆንም። ኢንሻአላህ ጠዋት" አለ። የማዶው ስልክ ከትናንት ማታ ወዲህ አይሠራም። ምጧ ጀምሯት እንደሁ የምናውቅበት መንገድ የለም።


ሰኞ፣ ነሐሴ 12። አፋምቦ

ሲነጋ ሄዱ። ሁመድ ይነዳል፣ ቢኒያም መስታወቱን ያያል። እኔ ልሂድ አላልኩም፤ ስትመለስ ቦታ ያስፈልጋል።

ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ዳዊት ገለጥኩ። አንድ መስመር እየደጋገምኩ አላልፍ አለኝ። አምቡላንሷ ከኋላዬ ቆማለች፣ ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ተኝቷል። ሞተር የሰማሁ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ እንደተነሣሁ እንጃ።

ፀሐይ አናቴ ላይ ስትደርስ መጡ። በቀስታ፣ እየተጠማዘዙ። ቢኒያም እጁን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያሳያል፣ ሁመድ ይከተለዋል። ከሩቅ ነጭ ጋዋን ፈለግኩ። የለም። ጥቁር ሻሽ የተከናነበች አሮጊት አየሁ፣ ፍራሽ አየሁ። ልጄ የለችም።

ጀልባዋ ዳር ስትነካ እኔ አሁንም ከሰዎቹ ኋላ ያለውን ባዶ ውሃ እያየሁ ነበር። ከዚያ ዓይኔን ዝቅ አደረግኩ። ሴትዮዋ ፍራሹ ላይ ተኝታ ታየኛለች። እግሯ ከቱቦዬ አጠገብ ነው። የመሲ ዕድሜ ትሆናለች። ላብ በላብ ሆናለች፣ የአማቷን እጅ ጨምድዳለች። መሐል ሐይቅ ላይ ምጡ ጀምሯታል።

ቃሬዛውን በአንድ ወገን ያዝኩ። "ማን ትባላለች?" አልኩ።

አማቷ በአፋርኛ አንድ ነገር አለች። ሁመድ ነገረኝ፤ "ፋጡማ ናት።"

"አይዞሽ ፋጡማ" አልኩ። ይገባት እንደሆን አላውቅም። ዓይኗን ገለጠችና አየችኝ። አምስት ቀን ስለ እሷ ስሠራ ቆይቼ አሁን ገና አየኋት።

አምቡላንሷ በአቧራ ሄደች። ሁመድ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። "ልጅህ ቀረች። ጤና ጣቢያው ሌላ ሴት ገብታለች፣ ደም እየፈሰሳት። ትቻት አልመጣም አለች። 'አባዬን አትቆጣ በለው' ብላሃለች።"

"አልተቆጣሁም።"

"ፊትህ ግን ተቆጥቷል" አለኝ።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13። ሰመራ

ደብረ ታቦር። ትናንት ማታ ከቢኒያም ጋር ተመልሼ ዛሬ ቅዳሴ ደረስኩ።

ማልዶ ቢኒያም ሆስፒታል ሄዶ ነበር። ፋጡማን ቀዶ ጥገና አድርገውላታል፤ ነቅታለች፣ ውሃ ጠይቃለች። የወለደችው ሴት ልጅ ናት። ሕፃኗ ደክማለች፣ ለብቻዋ ሙቀት ውስጥ አስገብተዋታል። "ዛሬን ካለፈች..." ብሎ አልጨረሰውም።

በጸሎት ጊዜ ስሟን አነሣሁ። የአባቷን ስም ስለማላውቅ ፋጡማ ብቻ አልኩ፤ ሕፃኗን ደግሞ የፋጡማ ልጅ። ከመሲ አስቀድሜ ነው ያነሣሁት። ይህን የምጽፈው ልመጻደቅ አይደለም፤ ከባድ ስለነበር ነው። ምላሴ በልማድ ልጄን ሊል ይቀድም ነበር።

ከሰዓት ሁመድ ደወለ። ከቱቦው ዘይቱ አንድ ጣት ያህል ጎድሏል። የሆነ ቦታ ይሰርጋል ማለት ነው፤ ከሥሩ ወይም ከላይ እየተናጠ፣ ሳላይ አላውቅም። ነገ ማልደው እንደገና ሊሻገሩ ነው፤ ውሃው አሁንም እየጨመረ ነው። "ያለ ዘይት አልሄድም። ለምጃታለሁ፣ ጀልባዋም ለምዳለች" አለኝ። ከሱቅ አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት፣ ለጥንቃቄም ሁለተኛ ገዛሁ። ሙጫም ይዣለሁ። ቢኒያም በመኪና ሊወስደኝ ደጅ እየጠበቀ ነው።

አሁን፣ ጫማዬን ሳስር፣ መሲ ደወለች። ድምፅዋ እንቅልፍ የላትም ይላል።

"አባዬ፣ ደህና ነኝ" አለችኝ። አንዴ ብቻ።

"ደም የሚፈስሳትስ?"

"ቆሟል፣ ግን አላመንኩትም። ነገ አብረን እንሻገራለን፣ እኔና እሷ። መለኪያው ይሠራል አይደል?"

"ዘይት ጎድሎታል። አሁን ልሞላ እየሄድኩ ነው። የሚሰርግበትን ሳላገኝ አትሳፈሩም።"

"እሺ።"

"መሲ፣ ሴትዮዋ ማን ትባላለች?"

"ምን ያደርግልሃል?"

"ንገሪኝ ዝም ብለሽ።"

"ዘህራ" አለችኝ።