ለናትናኤል ምን ልበለው?

መስፍንዬ፣ የልጄ አባት፣

ይህ ወረቀት የት እንደሚደርስ አላውቅም፤ ግን ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። የቦንጋ ዝናብ ዘንድሮ ጨክኖ የጓሮውን አጥር ጥሎት ነበር፤ አስጠግኜዋለሁ። ልጃችንን ግን እንዴት እንደማደርገው ጨንቆኛል።

ናትናኤል ዩኒቨርሲቲ በገባ ዓመት ከዩቲዩብ ይዞት የመጣውን ወሬ ታስታውሳለህ? ክርስቶስ የሚባል ሰው አልነበረም፣ ክርስትናን የሮም ነገሥታት ሕዝብ ለመግዛት ፈጠሩት ብሎ እራት ላይ ሲናገር እኔ አማተብኩ። አንተ ሳቅህ መጣ። ዕድሜህን ሙሉ ታሪክ ያስተማርክ ሰው፣ እንደ እኩያህ ያዝከው። «ማን ጻፈው? መቼ? በምን አወቀ?» ትለዋለህ። ነገሥታቱ ከፈጠሩት ታዲያ ክርስቲያኖችን ለምን ሲያስሩና ሲገድሉ ኖሩ ብለህ ስታፋጥጠው፣ እሱ በማግስቱ ሌላ ቪዲዮ ፈልጎ ይመጣል። ወጡ ቀዘቀዘ ብዬ ሁለታችሁንም እቆጣለሁ። ልጄ ከእምነቱ ወጣ ብዬ ስፈራ፣ «ተዪው፣ የሚጠይቅ ልጅ ገና ከኛው ጋር ነው» አልከኝ።

አንተ ከሞትክ ወዲህ መጠየቅ ተወ። የሚመልስለት ሲያጣ ቪዲዮው ያለውን ሁሉ እንዳለ መቀበል ጀመረ። በሙት ዓመትህ ዕለት፣ ድንኳኑ በሰው ሞልቶ የንስሐ አባትህ ስለ ትንሣኤ ሲያስተምሩ፣ ብድግ ብሎ «ይሄ ሁሉ የሮማውያን ተረት ነው! አባቴ የትም ሆኖ አይጠብቀኝም» አለ። ከዋጫ የመጣው ወንድምህ ክንዱን ይዞ አስወጣውና ሁለተኛ ይህን ደጅ እንዳትረግጥ አለው። ናትናኤልም በዚያው ሄደ። ትምህርቱን ጥሎ ሺሺንዳ ከተማ ሞባይል ይጠግናል።

ባለፈው ቅዳሜ በሚኒባስ ሄድኩበት። ሐሳቤ እንዳንተ ልከራከረው ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ያንተን ጥያቄዎች ስለማመድ ሄድኩ። ፊቱ ስቆም ሁሉም ጠፋኝ። ከስቷል፣ መስፍን። በአማርኛ ቢያቅተኝ በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ ለመንኩት። መጨረሻ ላይ እጁ ላይ የነበረውን ስልክ አስቀመጠና፣ «እማዬ፣ ትንሣኤው እውነት ከሆነ አባዬን ዕድሜ ልኬን ልጠብቀው ነው። አልችልም። ውሸት ቢሆን ይሻለኛል» አለኝ።

ይህን ምን ብዬ ልመልስ? አንተስ ብትሆን ምን ትለው ነበር? አቅፌው አለቀስኩ፤ አልገፋኝም። አብሮኝ ግን አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ለጸሎት በቆምኩ ቁጥር የልጄ ቃል እየመጣ አፌን ይዘጋዋል። አንተን አፈር ነጠቀኝ፤ እሱን ማን እንደነጠቀኝ እንኳ አላውቅም።

ለወንድምህ፣ ልጄ ደጄን ይረግጣል ብዬዋለሁ። ተቀይሞኛል፤ ይቀየም። የፊታችን ቅዳሜ ተመልሼ ሺሺንዳ እሄዳለሁ። ስለ ሮም አንድም ነገር አላነሳበትም። ስላንተ ነው የማወራው፤ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ጭቃው አንሸራትቶህ እኔንም ይዘኸኝ የወደቅክ ጊዜ፣ እሱ ሲወለድ ስም ለማውጣት የተጨነቅከው፣ ሌላም ሌላም። ጆሮውን ቢደፍንም አወራለታለሁ። አንተን መርሳት ለኔ አይሆንልኝም። ልጅህ መጠበቅ ካቃተው፣ በእሱም ፈንታ እኔ እጠብቅሃለሁ።

የናትናኤል እናት