ደረጃ ያልተጻፈበት ካርድ

ረቡዕ፣ ጥር 29 ቀን 1977

አልጻፍኩም። በሰባ ሁለቱም ተማሪዎቼ ካርድ ላይ የ«ደረጃ» ቦታ ባዶ ነው። አምቦ ጉድ ይበል! አምና በዚህ ጊዜ ጫልቱ መጨረሻ ወጣች። ልብስ ሰፊው አባቷ ኦቦ ደበላ በመለኪያ እንጨቱ እጇን አሳብጦት፣ ሳምንት ሙሉ እርሳስ መያዝ አቃታት። ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍልን እየደገመች ነው። ዘንድሮም መጨረሻ ናት። የፈራ ልጅ ምን ይገባዋል?

ሐሙስ፣ ጥር 30

ርዕሰ መምህሩ ካርዶቹን አገላብጦ፣ «ጓድ አስካለ፣ ይሄ ፍልስፍና ነው» አለኝ።
«ፍልስፍናው ይቅርብኝ፤ የልጅቷን እጅ ባየኸው።»
ፈረመ። «ወላጅ ሲመጣ ግን እኔ የለሁበትም!» ፈሪ ነው፤ ግን ደግ ፈሪ።

ዓርብ፣ የካቲት 1

የካርድ ቀን። የወይዘሮ ዘነበች ልጅ ሁልጊዜ አንደኛ ነው፤ ድፎ ደፍታ ጎረቤት ጠርታ ኖሯል። «አሁን አንደኛነቱን በምን ላሳይ? ዳቦውን ምን ብዬ ልቁረስ?» ብላ ጮኸች። ሳቅኩ። ምነው ባልሳቅኩ! እኔ ሞኟ አማካይ ውጤቱን ካርዱ ላይ ትቼዋለሁ። ወላጆቹ ባሕር ዛፉ ሥር ካርዶቹን ሰብስበው፣ ጸሐፊ መርጠው (ስብሰባ ለምደው የለ!) ደረጃውን ራሳቸው አወጡት። ከዚያ ጮክ ተብሎ ተነበበ። «ሰባ ሁለተኛ፣ ጫልቱ ደበላ!» ልጆቹ ለአንደኛው እንዳጨበጨቡለት ለእሷም አጨበጨቡላት።
ኦቦ ደበላ ባርኔጣውን አጥልቆ ወጣ። እሷ ከኋላው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 2

ቤቱ ሄድኩ። ከስፌት መኪናው ቀና አላለም።
«አከም ጅርቱ፣ ኦቦ?» ብዬ ሰላም አልኩት።
«ፈያ፣ ደህና።» ክሩን በጥሶ፣ «መምህርት፣ ድሮ እኔና እሷ ብቻ ነበርን የምናውቀው። አሁን ገበያው ያውቃል።»
«ደግሞ መቷት?»
«ለምን ብዬ? ትምህርቱ በቃ። ማክሰኞ አዲስ ዓለም እህቴ ጋ ትሄዳለች፤ ቤት ትጠብቃለች።»
አለመምታቱ ከመምታቱ ይብስ አስፈራኝ። ጫልቱ ጥግ ላይ የልብስ ቁልፍ ትለቅማለች። አላየችኝም።

ሰኞ፣ የካቲት 4

ጠዋት ክፍሉ በር ላይ ቆማለች፤ ዩኒፎርም አልለበሰችም። «አባዬ፣ የመንግሥትን መጽሐፍ መልሺና አስፈርመሽ ነይ ብሎኛል።» መጽሐፉን በጋዜጣ ለብዳዋለች። ልቀበላት እጄን ዘርግቼ መለስኩት።
«የማስረከቢያ ቅጹ አልቋል፣ የኔ ልጅ። እስኪመጣ ገብተሽ ቁጭ በይ።»
ቅጹ መሳቢያዬን ሞልቶታል።
ተቀመጠች። ንባብ ስንጀምር ገጹን ገልጣ በጣቷ ተከተለችን። በስድስት ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ቀረችና፣ «ቲቸር፣ ቅጹ ነገ ይመጣል?» አለችኝ።
«እንጃ። መጽሐፉን ይዘሽ ነይና እናያለን።»
ነገ ማክሰኞ ነው። መሳቢያውን ቆልፌ ቁልፉን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ።