የወንድም ጋሼ እርሻ

ጥቅምት 9

ዛሬ አራት ጆንያ ቡና ቆላን። ሁለት ብራዚል፣ አንድ ቬትናም፣ አንድ ኮሎምቢያ። መቁያ ማሽኑ ደህና ዋለ። ወንድም ጋሼን ግን ሳሉ አላስቀምጥ አለው። ሐኪሙ ከጭስ ራቅ ካለው ሁለት ወር አለፈ... ማን ሊሰማው! "ዕድሜዬን ሙሉ ያሳደረኝ ጭስ ዛሬ ጠላት ሆነብኝ?" ይላል። የሚቀጥለው ወር ሳያልቅ ሥራውን ለልጄ ለማስረከብ ግን ቃል ገብቷል። በግድ።

ጥቅምት 11

ቁም ሣጥን ሳጸዳ ደብዳቤዎቹን አገኘሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ቡና ለቀማ ብሎ ወጥቶ፣ ሁለት ዓመት ከእርሻው የላካቸው። ሃያ ሦስት ናቸው። እማዬ ፊደል ስለማትለይ አንባቢዋ እኔ ነበርኩ፤ ስምንት ዓመቴ። ልብስ አጠባውን ትታ፣ አረፋው እጇ ላይ እንዳለ ቁጭ ትላለች።

"እስቲ አበባው ያለበትን ድገሚልኝ።"

"የቡና ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍላችሁ። አበባው ከፈነዳ ወዲህ ተራራው በረዶ የጣለበት ይመስላል። ለጩጬ ንገሯት፤ ቡና በየትም አይበቅልም፣ በምድር ወገብ ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ምድርም እንደ እማዬ መቀነት ታጥቃለች።"

ጩጬ እኔ ነኝ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ዛሬም ጩጬ ነኝ። የዓለምን ካርታ ያወቅሁት በእነዚህ ደብዳቤዎች ነው። አንዴ የጂኦግራፊ አስተማሪዬን ላርም ብዬ ጥግ ቆሜያለሁ...

ጥቅምት 14

"ሥራ ከማቆምህ በፊት እርሻህን አሳየኝ" አልኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ። ፊቱ ጠቆረ።

"ጉልበቴን አታይም?"

"በመኪና እኮ ነው።"

"ቦታው ጠፍቶኛል።"

እሱ? የጆንያውን አገር አሽትቶ ብቻ የሚለየው ሰውዬ? "ፖስታው ላይ የከተማው ስም አለ" አልኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ጆንያ መፍታት ጀመረ። ምን ነካው?

ጥቅምት 25

እሺ አለ። ለምኜ ለምኜ።

ኅዳር 2

ስድስት ሰዓት ተጉዘን ደረስን። ከከተማው በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ አንዲት ሳቂታ ባለ እርሻ ተቀበለችን። ለቀማ ላይ ናቸው። ቀዩ እሸት ቅርንጫፉን ሙጥኝ ብሎ እንደ ዶቃ ተደርድሯል። አንዱን ቀመስኩ... ይጣፍጣል! ዕድሜ ልኬን ስቆላው የፍሬው ልጣጭ ጣፋጭ መሆኑን ማንም አልነገረኝ።

ቅርንጫፉን ሳብ ባደርገው እስከ ጉልበቴ ጎነበሰ። ቀጭን ነው፣ ልምጭ።

"እዚህ ላይ ሰው ይቀመጣል?" አልኳት ባለ እርሻዋን፣ እንዲሁ ለጨዋታ።

"ወፍ ካልሆነ!" ብላ ሳቀች።

ዞር ብዬ ወንድም ጋሼን አየሁት። ጫማውን ያያል።

ኅዳር 3

የትናንቱን ልጨርስ።

ከሰዎቹ ራቅ ብለን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

"ጩጬ... አልቀጠሩኝም" አለ።

"እነማን?"

"የእርሻው ሰዎች። ሦስት ቀን በር ላይ ቆምኩ፤ ሰው ሞልቷል ብለው መለሱኝ። ታች ከተማው ውስጥ መጋዘን ነበር። ሁለት ዓመት ጆንያ ተሸከምኩ። ይሄን ተራራ ከታች ሆኜ ነው የማውቀው።"

"ደብዳቤዎቹስ?"

"ለቃሚዎቹ ከሥራ ሲወጡ ሻይ ቤት ይመጣሉ። እጠይቃቸዋለሁ፣ የነገሩኝን እጽፋለሁ። ቅርንጫፉን ግን... ከራሴ ጨመርኩ።"

"ለምን?"

"እማዬን ምን ልበላት ታዲያ? ጀርባዬ ተላጠ ልበላት?"

ተናድጃለሁ? ትንሽ። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ! እማዬም ሳታውቅ ሞተች። ግን ደግሞ አንድ ለግላጋ ልጅ ታየኝ... ትከሻው እየደማ፣ ሻይ ቤት ጥግ ተቀምጦ፣ "አበባው ምን ይመስላል?" እያለ የሚጠይቅ። ለእኛ ብሎ። እጁን ያዝኩት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ባለ እርሻዋ ቅርጫት ሰጠችን፣ ለቀምን። እሱ ጥሬውን ከበሰለው ቀላቅሎ ሞላው። አንዷ ለቃሚ አየችና፣ "ኧረ ጋሼ፣ የሚጣለውን ጥሬ ማን ይሸከምልዎታል?" ብላ ተቆጣችው። ሳቀ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ፣ ቀይ ቀዩን ብቻ... እስኪመሽ ከዛፉ ሥር አልነቀል አለኝ። ቅጠሉን ይገለብጣል፣ ያሸታል፣ ይዳብሳል። ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው።

ኅዳር 28

ሥራውን አስረከበ። ልጄ ማሽኑን ይዛዋለች፤ እሱ ፊት ለፊት፣ ንጹሕ አየር ያለበት ወንበር ላይ ሆኖ ደንበኛ ያጫውታል። ሳሉም ጋብ ብሏል።

ዛሬ አንዲት አዲስ ደንበኛ ጠየቀችው፦ "ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ቡና ሲቆሉ፣ ዛፉን አይተውት ያውቃሉ?"

ቡና እየመዘንኩ ነበር። ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ። ድሮ ቢሆን ወንበር ስቦ አስቀምጦ ግማሽ ቀን ስለ ቅርንጫፉ ያወራላት ነበር።

"አንድ ቀን" አለ። "ከእህቴ ጋር።"