ከእጩነት የወጣሁበት ምክንያት

ካዛንቺስ፣ ግንቦት 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለቀድሞ ባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሃል? ደም ግፊትህስ? ከእሁዱ ምርጫ ወዲህ እህል አልቀምስ ብሏል ሲሉ ሰማሁ፤ አላዘንኩልህም። እኔ ደህና ነኝ። እንዲህ ደህና ሆኜም አላውቅ።

ማን እንደጣለህ እየጠየቅህ ነው አሉ። የተመረጠው ልብስ ሰፊ፣ ገበያው፣ እንዳይመስልህ። እኔ ነኝ።

የዛሬ አራት ዓመት በመሥሪያ ቤታችን ግምገማ ላይ ተነስተህ፣ ለአንተ ብቻ ብዬ የጻፍኩትን ደብዳቤ ለጉባኤው አነበብክ። ድርጅትህን የነቀፍኩበትን ብታነብ ይሁን፤ ሞቶ ስለተወለደው ልጃችን የጻፍኩትን እንኳ አላስቀረህም። "ሚስቴ ብትሆንም አልደብቃትም" አልክ። አጨበጨቡልህ። በሳምንቱ ከሥራ ተባረርኩ፣ በወሩ ፈታኸኝ።

ዘንድሮ በሰፈራችን ስትወዳደር እኔም በአንዱ ተቃዋሚ ፓርቲ እጩ ሆኜ ተመዘገብኩ። የሌላው ፓርቲ እጩ ገበያው ነበር። የሁለታችን ሰዎች ከእናንተ ይልቅ እርስ በርስ ነበር የሚሰዳደቡት። እሱ ራሱ በየስብሰባው "የካድሬ ሚስት" ይለኝ ነበር። ድምፁ ለሁለት ተከፍሎ አንተ በመሀል ሾልከህ እንደምታልፍ ሲገባኝ ልብስ መስፊያ ሱቁ ሄድኩ።

"ለስለላ ነው የመጣሽው?" አለኝ፣ መቀሱን ሳያስቀምጥ። ከእጩነት መውጣቴን የሚገልጸውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

"በምላሹ ምን ልትጠይቂኝ ነው?"

"እሱ ይውደቅ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

ወንበር ሳበልኝ። ስለ ስድቡ ይቅርታ ግን አልጠየቀኝም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቀኝም።

ከዚያ ወዲያ በአንድ ምልክት ሥር ቆምን። በየቤቱ እየዞርኩ አንኳኳሁ። ስለ አንተ ክፉ አልተናገርኩም። ያቺ ደብዳቤዋ የተነበበባት ሴት እኔ ነኝ አልኳቸው፣ በቃ። ሰፈሩ አልረሳውም ነበር።

እሁድ እናትህን ደግፌ ተሰለፍኩ። አንተ ስትፈታኝ እሳቸው አልፈቱኝም፤ ከእኔው ጋር ቀሩ፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መንገድ የምመራቸው እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ ምልክት የማደርግላቸውም እኔ እንድሆን ለአስመራጩ ነገሩት። ከመጋረጃው ጀርባ "የልጄ የቱ ነው?" አሉኝ። ጣታቸውን ይዤ አሳየኋቸው። በእመቤታችን እምልልሃለሁ፣ አላታለልኳቸውም። ጣታቸው እዚያው ብዙ ቆየ። ከዚያ አነሱትና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው አንድ ነገር አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ።

ሰኞ ጠዋት ውጤቱ በምርጫ ጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ እንዳነብላቸው ለመኑኝ። የአንተን ቁጥር ሲሰሙ "አነሰ?" አሉኝ። "አነሰ" አልኳቸው። ክንዴን ጥብቅ አድርገው ያዙ፤ ቀና እንዳሉም ወደ ቤት ሄድን።

እግዜር ጤናህን ይመልስልህ። እሳቸውን ልትጠይቅ ከመጣህ በሬ ክፍት ነው፤ አልከለክልህም። ምርጫው ግን ምስጢር ነውና፣ ማንን እንደመረጡ አትጠይቃቸው።

የእናትህ ምራት