በአምስት ቤት ዘመድ

እትዬ ሳህሊቱ፣

ከገበያ ሲመለሱ አያገኙኝም። የልጆቹን ሸሚዝ ሰፍቻለሁ፤ ቁልፉ ብቻ ቀርቷል። የስፌት መኪናው መርፌ ስለተጣመመ ትንሿ አዛለች እንዳትነካው።

ፈጠነችን ሽማግሌ ልኬ ሳስጠይቅ፣ «በአምስት ቤት ዘመዱ ናት» ብለው ያስከለከሉኝ እርስዎ መሆንዎን ትናንት ሰማሁ። በዘር ቆጠራ እርስዎን የሚያህል ሶዶ ውስጥ የለም። የእኔን ግን ከየት አመጡት? ከአያቴ ወዲያ እንደማላውቅ ስፌት ላይ ሆነን አጫውቼዎት ነበር። «አይዞህ፣ ዘመድህ እኔ ነኝ» አሉኝ።

አሁን ለወንድምዎ ለጉልላት አጭተዋት፣ የሠርግ ቀሚሷን እንድሰፋ ሰጡኝ። ጨርቁ እንዳለ ተቀምጧል።

ሳልሰናበት በመሄዴ ይቅር ይበሉኝ፤ ፊት ለፊት መናገር አይሆንልኝም።

ልጆቹ «ጋሼ የት ሄደ?» ካሉ፣ ለእነሱ እንኳ እውነቱን ይንገሯቸው።

አድነው